ባለ ብዙ ድምፁ መምህር
የነርሲስ ናልባንዲያን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ



በዚህ አምድ የአንድ ስመ ጥር ሰው ሕይወት ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። መቼም ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ጦር መሪዎች፣ ስለ ደራስያንና ስለ ሳይንስ ሊቃውንት ነው። ዛሬ ግን እኛ አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ለምን እሳቸውን እንደመረጥን ለማስረዳት በመጀመሪያ የራሳችንን ጉድ መናገር ሊኖርብን ነው።

የኪነት ቡድናችን ለወላጆች ቀን አንድ የትዝታ ዜማ በአራት ድምፅ ከፋፍሎ ለማቅረብ ተነሥቶ ነበር። ሐሳቡን ያመጣብን አንዱ ጓደኛችን ያሰማን የውጭ አገር ዘፈን ነው። ዘ ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ በ1961 ዓ.ም. ክረምት የቀረጸው «ቢኮዝ» የሚባል ቀስ ያለ ዘፈን አለ። ዘፋኞቹ ሦስት ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዜማ ይዘው፣ ያንኑ ሦስት ጊዜ እየደረቡ ስለቀረጹት ጆሮ ላይ የሚደርሰው የዘጠኝ ሰው ድምፅ ነው። ዘጠኙም አንዱ ካንዱ ሳይጋጭ አብሮ ይሄዳል። እኛም መደረቢያ መሣሪያ ባይኖረን ሰው አለን፣ አሥራ ስድስት ነን አልንና ጀመርን።

የመጀመሪያው ልምምድ ዕለት የቦንጋ ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድብ ነበር፤ ደግነቱ ድምፃችንን ከውጭ ማንም አልሰማውም። አራት አራት ሆነን ተከፋፈልን። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ ባሶቹ ሳይታወቃቸው ወደ ዋናው ዜማ ገቡ፤ ሁለተኛዎቹ ሴቶች የመጀመሪያዎቹን ተከተሉ፤ የቀሩት ግራ ገብቷቸው ዝም አሉ። አዳራሹ የገበያ ቀን መሰለ።

ከዚያ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን የኛ ዜማ ለመከፋፈል የተሠራ አይደለም፣ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው አልን። አውጪ ያወጣል፣ ተቀባይ ይቀበላል፣ ተቀባዩም ሁሉ በአንድ ድምፅ ነው፤ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣው የቅዱስ ያሬድ ዜማም ቢሆን መዘምራኑ ሁሉ አንዱን ዜማ አብረው የሚያዜሙት ነው። አንዲት ጓደኛችን ግን በዚህ አልተስማማችም። በጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ሲዘፍኑ እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ድምፅ ይዞ፣ ባንድ ጊዜ ብዙ ዜማ ይሰማል፤ ይህን ደግሞ ማንም ፈረንጅ አላስተማራቸውም አለችን። ነገሩ እውነት ነው፤ የዶርዜ ባለ ብዙ ድምፅ ዘፈን የሙዚቃ ተመራማሪዎችን ከሩቅ አገር ያስመጣ ነው። ታዲያ እኛ ያቃተን ዜማው ስለማይሆን ነው ወይስ ስለማናውቅበት?

የሙዚቃ መምህራችን ክርክሩን እስኪያልቅ ሰምተው ነርሲስ ናልባንዲያንን የሚያውቅ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አንድም እጅ አልወጣም። ያን ዕለት የነገሩንና ከዚያ ወዲህ ራሳችን ያገኘነው ተሰብስቦ ይህን ጽሑፍ ሆነ።

ከአይንታብ እስከ አዲስ አበባ

ነርሲስ ናልባንዲያን የተወለዱት በ1907 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1915) አይንታብ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በኦቶማን ቱርክ ግዛት ውስጥ የነበረች ሲሆን፣ ዛሬ በደቡብ ቱርክ ጋዚአንቴፕ ትባላለች። ቤተሰባቸው አርመን ነበር። እንግዲህ ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ፤ በዚያው ዓመት ነው በኦቶማን ግዛት በነበሩ አርመኖች ላይ ታላቁ ፍጅት የተጀመረው። ሕዝቡ ከየቤቱ እየተነቀለ ወደ ሶሪያ በረሃ ተነዳ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በመንገድ ቀረ። የናልባንዲያን ቤተሰብም ተሰዶ ሐለብ ገባ። ነርሲስ ያኔ ሕፃን ናቸው። የተወለዱበትን አገር ሳያውቁት አጡት ማለት ነው።

ከፍጅቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በየገዳሙና በየሕፃናት ማሳደጊያው ተበትነው ነበር። ከእነዚህ ከፊሎቹ ኢየሩሳሌም ባለው የአርመኖች ገዳም ያድጉ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮጳ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ጎበኙ፤ ልጆቹ የትንፋሽ መሣሪያ ይዘው ሲጫወቱም ሰሙ። ወደዷቸው፤ ከአርመኖች ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረውም አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። በታሪክ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

የአርባ ልጆች አሠልጣኝና መሪ ሆነው የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላሉ። ኬቮርክ የነርሲስ አጎት ናቸው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ የተሰማውን፣ እስከ አብዮቱም ዘመን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ የቆየውን ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። አንድ አገር አልባ ስደተኛ ላስጠጋው አገር የብሔራዊ መዝሙር ዜማ መሥራቱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ለዛሬው ግን ርእሳችን የወንድማቸው ልጅ ናቸውና ወደሳቸው እንመለስ።

ነርሲስ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ሥር በነበረችበት ጊዜ ነው። ዕድሜያቸው እኛን አሁን ያለንበትን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጊዜው ለሙዚቃ የሚመች አልነበረም። ሆኖም መጡ፣ ቆዩ፣ ነጻነት ሲመለስም አገሩ አገራቸው ሆነ። ኋላም የኢትዮጵያ ዜግነት አገኙ። ከዚያ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ኢትዮጵያውያንን ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖሩ።

ማዘጋጃ ቤትና ቴአትር ቤት

ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ባንዶች እየተቋቋሙ ነበር። ክብር ዘበኛም፣ ፖሊስም፣ ጦር ሠራዊትም፣ ማዘጋጃ ቤትም የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ነርሲስ የያዙት የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ ነው።

እስቲ የባንድ አሠልጣኝ ሥራ በዚያ ዘመን ምን እንደነበረ እናስብ። ሱቅ ሄዶ የሚገዛ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ኖታ የለም። አንድ የታወቀ ዜማ ባንዱ እንዲጫወተው ከተፈለገ በመጀመሪያ ዜማውን ሰምቶ በኖታ መጻፍ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ለመለከቱ፣ ለክላሪኔቱ፣ ለሳክስፎኑ፣ ለፒያኖውና ለከበሮው ለየብቻ መቀናበር አለበት። ከዚያ የያንዳንዱ ድርሻ በእጅ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ደግሞ ኖታ ማንበብ ገና የጀመረ ወጣት አጠገብ ቁጭ ብሎ ሀ ሁ እንደሚያስቆጥር መምህር ድምፅ በድምፅ ማስጠናት ይመጣል። መድረክ ላይ ሕዝቡ የሚያየው የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ ነው፤ ወራቱን የሚያውቁት አስተማሪውና ተማሪው ብቻ ናቸው። የማስተማር ልምምድ የወጣን ሁላችን ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ ለአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሌሊቱን በዝግጅት ያነጋን አለን እኮ!

በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ካለፉት አንዱ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። ጌታቸው ባንዱ የገቡት በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ገና ልጅ ሳሉ ነው። በኋላ ሽለላና ፉከራን ከጀግና ጉሮሮ ወስደው በሳክስፎን የተጫወቱት፣ በዚህም በመላው ዓለም የታወቁት እሳቸው ናቸው። በሽምግልናቸው ዘመን ዘ ኤክስ ከተባለ የኔዘርላንድ የሮክ ባንድ ጋር አብረው ተጫውተዋል። በ2008 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ስማቸው ከኢትዮጵያም አልፎ በውጭ ጋዜጦች ወጥቷል።

በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። የመጀመሪያው የሙዚቃ ኃላፊ ፍራንዝ ዜልዌከር የሚባሉ የኦስትሪያ ሰው ሲሆኑ፣ ከሳቸው ቀጥሎ ኃላፊነቱን ነርሲስ ተረከቡ። ቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ነበረው፣ ዘፋኞች ነበሩት፣ በየጊዜው አዲስ ዝግጅት ይፈልግ ነበር። ነርሲስም ለብዙ ዓመታት እዚያ ሲያቀናብሩና ሲያስጠኑ ኖሩ።

ከዚህ ሌላ የሙዚቃ ትምህርት በአገሪቱ በመደበኛ መልክ እንዲሰጥ ከደከሙት አንዱ ናቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲነሣ የነርሲስም ስም አብሮ ይነሣል።

አምስቱ ድምፆች

አሁን የኛን ክርክር ወደሚመለከተው ነጥብ ደረስን። ነርሲስ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ጉዳይ ቢኖር የኢትዮጵያ ቅኝት ሳይበላሽ በብዙ ድምፅ እንዴት ይቀናበራል የሚለው ነው። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉልን ነው የገባን፤ ለናንተም እንደሚከተለው እናካፍላችኋለን።

የአውሮጳ ሙዚቃ መሰላል ሰባት ድምፅ አለው፤ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ። የትዝታ ቅኝት ግን አምስት ብቻ ነው፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ፈረንጆች አንድን ዜማ በብዙ ድምፅ ሲያጅቡ አንድ እየዘለሉ ሦስት ድምፅ ይደራርባሉ። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ዶ-ሚ-ሶል፣ ፋ-ላ-ዶ እና ሶል-ሲ-ሬ። አሁን ልብ በሉ! ከሦስቱ ሁለቱ በትዝታ ውስጥ የሌሉትን ፋን እና ሲን ይፈልጋሉ። እነሱን ያስገባን እንደሆነ ዜማው ይቀጥላል፤ ትዝታነቱ ግን ይጠፋል። ቡናን በስኳር ብዛት ቡናነቱን እንደማሳጣት ነው። ለካ ዜማችን አይከፋፈልም ያሉት ጓደኞቻችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ የሰው መሰላል አምጥቶ ቤታችን ላይ ማቆም ቤቱን ያፈርሳል።

መውጫው ታዲያ ምንድን ነው? ከአምስቱ ሳይወጡ መደራረብ ነው። መምህራችን አንዱን መንገድ አሳዩን። አንደኛው ድምፅ ዶ ሲል ሌላው ሚ ይላል፤ ሬ ሲል ሶል፣ ሚ ሲል ላ፣ ሶል ሲል የላይኛውን ዶ፣ ላ ሲል የላይኛውን ሬ። ማለት ከራሱ ከቅኝቱ አንድ ድምፅ እየዘለሉ መሄድ ነው። ሞክረነው የሰማነው ነገር የአውሮጳ መዘምራንን አይመስልም፤ ትንሽ ክፍት ክፍት ያለ፣ ገደል ማሚቶ ያለበት ይመስላል። ትዝታነቱ ግን አልጠፋም። ባቲና አምባሰል ደግሞ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንቺ ሆዬ ይባስ ይከብዳል፤ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጎረቤታሞች ስላሉበት ያለ ጥንቃቄ ከተደራረበ ጆሮ ይቧጭራል።

እንግዲህ ነርሲስ ይህን ሁሉ የተማሩት ከውጭ ባመጡት መጽሐፍ አይደለም፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልነበረምና። የሰባቱን ድምፅ ትምህርት ይዘው መጡ፣ ከዚያ የአምስቱን ከኢትዮጵያውያን ተማሩ። አስተማሪም ተማሪም ነበሩ ማለት ነው። እኛን የነካን ይህ ነው። የሚያስተምሩትን ሕዝብ ዜማ ዝቅ አድርገው አላዩትም፤ የራሳቸውንም ዕውቀት አልጣሉትም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው የሚስማሙበትን ፈለጉ።

ስም የማይጠራበት ሥራ

ነርሲስ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1977 በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ካለፉ በኋላ ብዙ ዓመት ስማቸው ከሙያው ሰዎች በቀር እምብዛም አይነሣም ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሕዝብ የሚያስታውሰው ዘፋኙን ነው። የሸክላው ልባስ ላይ ፎቶግራፉ የሚታተመውም የዘፋኙ ነው። ድምፁን ያሠለጠነው፣ ኖታውን የጻፈው፣ ባንዱን ያስማማው ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ይቀራል።

ይህ በኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በመግቢያችን ያነሣነውን የቢትልስ ዘፈን ተመልከቱ። ሦስቱን ድምፆች አንድ ባንድ አውጥቶ፣ ለያንዳንዱ ዘፋኝ ድርሻውን የሰጠው ጆርጅ ማርቲን የተባለው የቀረጻቸው ኃላፊ ነው። እኛ ዘፈኑን ስንሰማ አራቱን ወጣቶች እንጂ እሱን ማን አሰበ? እሱስ ቢሆን በመጨረሻ ከእንግሊዝ ንግሥት የ«ሰር» ማዕረግ አግኝቷል።

ለነርሲስም ቢሆን የሚያስታውስ አልጠፋም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የኢትዮጵያን የድሮ ሙዚቃ በተከታታይ ሲያሳትሙ የናልባንዲያን ቤተሰብ ለዘመናዊ ሙዚቃችን ያደረገውን አስተዋፅኦ ጽፈዋል። አይዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ጃዝ ባንድም እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን ዜማዎች ተጫውቷል፤ የነርሲስንም ሥራ አንሥቶ አሰምቷል። ወረቀት ላይ የተጻፈ ኖታ ጥቅሙ ይህ ነው። የጻፈው ሰው ሞቶ እንኳ ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንሥቶ ያሰማዋል።

እኛና አሥራ ስድስት ጉሮሮዎች

ነገሩን ከጀመርነው አይቀር የኛንም መጨረሻ እንንገራችሁ። በአራት ድምፅ አልሆነልንም። በሦስት አደረግነው፤ ባሶቹ ዝቅተኛዋን ዶ ብቻ ይዘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲቆሙ ተደረገ። ከሁሉ ያስቸገረን ዜማውን ማወቅ አልነበረም። የጎረቤትን ድምፅ እየሰሙ የራስን አለመልቀቅ ነው። ብንሰማ እንሳባለን፤ ጆሯችንን ብንደፍን ደግሞ ከሌሎቹ እንርቃለን። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መያዝ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። የነርሲስ ተማሪዎች በዓመታት የተማሩት ይህን ይሆናል ብለን ገመትን።

በወላጆች ቀን አቀረብነው። አንድ ቦታ ላይ ተንሸራተናል፤ መምህራችን በዓይናቸው መለሱን። ከጨረስን በኋላ ልጃቸውን ሊያዩ የመጡ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው ዋናው ዘፋኝ የትኛችሁ ናችሁ ብለው ጠየቁን። እርስ በርስ ተያየን። መልስ የሚሰጥ ጠፋ። አዛውንቱም ፈገግ ብለው በወጣትነታቸው ያዜሙት የነበረውን አንድ የካፍኛ ዜማ አንጎራጎሩልን፤ ከዚያም ይህስ እንዲህ ይሆናል ወይ አሉን። ያን ዜማ ከመሃላችን የካፋ ተወላጆች የሆኑት እንኳ አያውቁትም ነበር።

ይህ ጥያቄ ነው ጽሑፉን እንድንጽፍ ያስገደደን። በቅርቡ ተመርቀን ወደ ደቻ፣ ወደ ጨና፣ ወደ ገሻ፣ ወደ አዲዮና ወደየወረዳው እንበተናለን። ከምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ፒያኖ ቀርቶ አንድ ክራር ላይኖራቸው ይችላል። ባንድ የለም ብለን የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ልናደርገው ይከጅለን ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ስድሳ ጉሮሮ አለ። ለጉሮሮ በጀት አይጠየቅም፤ አስተማሪ ብቻ ነው የሚፈልገው። በየመንደሩ ደግሞ እንደዚያ አዛውንት ያሉ፣ ዜማቸው ያልተጻፈላቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ሲያልፉ ዜማውም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ሠልጣኝ ጓደኞቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በምንመደብበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ አንድ የአካባቢውን ዜማ በዶ ሬ ሚ እንጻፍ፤ በቀበሌው ሽማግሌ ፊት አዚመን እናርመው፤ ከዚያም ለልጆቹ እናስተምረው። ልጆቹ ከለመዱት በኋላ በሁለት ድምፅ መክፈል ይቻላል። ከተሳሳትን እንደገና እንጀምራለን፤ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የሚፈጀው።

አይንታብ ተወልዶ፣ በሕፃንነቱ ተሰዶ፣ አዲስ አበባ ዐርፎ የቀረው ሰው የኛን ትዝታ ተምሮ መልሶ ለኛው አስተምሮታል። እኛ እዚሁ ተወልደን፣ ሽማግሌዎቹ አጠገባችን እያሉ ይህን ማድረግ ካቃተን ምን ምክንያት እናቀርባለን?

የአዛውንቱን ዜማ ጽፈን ጨርሰናል። ወረቀቱ ከዚህ ጋዜጣ ግርጌ ተለጥፏል። ስሕተት ያገኘ፣ በተለይ ዜማውን ከቤተሰቡ የሚያውቅ ካለ በእርሳስ ያርምልን።

ለከርሞው ያድርሰን። ደኅና ሰንብቱ።